«የለም» ያሉት ማን ቆጥሮላቸው ነው?

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በአንድ አዳራሽ የግማሽ ዓመት የሥራ ግምገማ ተቀምጬ ነበር። ማራገቢያው ይዞራል፣ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ ሪፖርት አቅራቢዎች ተራ በተራ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የአባላዘር በሽታዎች ተራ ሲደርስ አንዲት ወጣት ነርስ እጇን አወጣች። የጠየቀችው ትንሽ ነገር ነው፦ በመመዝገቢያው ላይ ታካሚው የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያለው ከሴት ጋር፣ ከወንድ ጋር ወይስ ከሁለቱም ጋር እንደሆነ የሚያመለክት አንድ ሳጥን ቢጨመርስ? ስም የማይጻፍበት፣ በኮድ ብቻ የሚሞላ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሦስት ነገር ተናገሩ። እንዲህ ያለ ነገር ድሬዳዋ ውስጥ የለም። የሌለውን እየጠየቅን ሰው ባናስተምር ይሻላል። ይህን የሚጠይቁ አገሮችም በሽታው በዝቶባቸው መግቢያ መውጫ አጥተዋል። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ አጨበጨበ፣ ልጅቷ ተቀመጠች። ስብሰባው ሲዘጋ እኒሁ ሰብሳቢ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ጠቅሰው አሰናበቱን። ሲናገሩት ፊታቸው ላይ አንዳች የማፌዝ ምልክት አልነበረም። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ አልተነሣሁም። ያንገበገበኝ ይኸው ነውና ዛሬ በጽሑፍ ልነሣ።

22 ዓመት በላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። ታካሚዎች «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም፤ ማረሙንም ከተውኩት ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ነገር ተሳስቻለሁ፣ አንድ ነገር ግን አድርጌ አላውቅም፦ ያልሠራሁትን ምርመራ «ኔጌቲቭ» ብዬ ጽፌ አላውቅም። እንዲህ ያደረገ ባለሙያ ሲገኝ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ ይከሰሳል፣ ስሙም ይጠፋል። የላቦራቶሪ ሠራተኛ ቢያደርገው ወንጀል የሆነው ነገር አዳራሽ ውስጥ በማይክሮፎን ሲነገር ለምን እንደሚጨበጨብለት እስካሁን አልገባኝም።

የቂጥኝ ምርመራ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ቪዲአርኤል ይለዋል፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራው አርፒአር የሚባለውን ነው። ክብ ክብ የታተመበት ነጭ ካርድ አለ። በአንዱ ክብ ውስጥ ከደሙ ተለይቶ የወጣው ሴረም ይደረጋል፤ በላዩ የከሰል ቅንጣት ያለበት መመርመሪያ አንድ ጠብታ ይጨመርበታል። ከዚያ ካርዱ በሚሽከረከር ማሽን ላይ ሆኖ በደቂቃ 100 ጊዜ እየዞረ 8 ደቂቃ ይቆያል። ጥቁሩ ቅንጣት እንደ ቡና አተላ ከተቋጠረ ፖዘቲቭ ነው። እንደ ጭስ ሳስቶ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ኔጌቲቭ ነው። የምርመራው መመሪያ የክፍሉ ሙቀት ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን ይላል። ግንቦት ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ 29 ዲግሪ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የቂጥኝ ሥራ የማለዳ ሥራ ነው። ማለዳ ላይ መብራት ከሄደ ናሙናው ለነገ ያድራል፤ በወረቀቱም ላይ «አልተሠራም» ተብሎ ይጻፋል። «አልተሠራም» እና «ኔጌቲቭ» ሁለት ቃላት ናቸው። ተለማማጅ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ይህንን ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ከወንድ ጋር ግብረ ሥጋ የሚፈጽም ወንድ ቂጥኝ፣ ጨብጥ ወይም ኤችአይቪ አለበት ወይ ለሚለው ጥያቄ በመዝገባችን ላይ ያለው መልስ «ዜሮ» አይደለም። መልሱ «አልተሠራም» ነው። ሰብሳቢው «የለም» ያሉት ከየትኛው ካርድ ላይ አንብበው ነው? ማን ቆጥሮላቸው? በስንት ናሙና? ባዶ ሳጥን እንኳን ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ ባዶ ሳጥን ቢያንስ አንድ ሰው ጠይቆ እንዳልተመለሰለት ይናገራል። የእኛ መዝገብ ግን ሳጥኑም የለውም። ሳጥን በሌለበት ወረቀት ላይ ዜሮ ማንበብ የእውር ድንብር ነው፤ እውር እንኳን ቢሆን መሬቱን በበትሩ ይነካል።

ከዚህም የሚብስ አለ። በእኛ ሥራ ፕሮዞን የሚባል ጉድ አለ። በሽታው በርትቶ ደሙ ሰውነት በሽታን ለመዋጋት በሚያመርተው ፀረ-አካል ሲጥለቀለቅ፣ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ሽፍታው እጅ መዳፍና እግር መርገጫ ላይ ሲወጣ፣ ያልተበረዘው ናሙና ካርዱ ላይ ኔጌቲቭ መስሎ ቁጭ ይላል። ብዛቱ ራሱ ይሸፍነዋል። የገባው ሠራተኛ ይጠራጠራል፤ ናሙናውን በጨው ውሃ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ይበርዘዋል፣ ያኔ ቅንጣቱ ተሰባስቦ ፊት ለፊት ይወጣል። ያልገባው ሠራተኛ ንጹሕ ካርድ አይቶ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኛል። ከተማችን ውስጥ የሆነው ይህ ነው እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ንጹሕ ካርድ ሲያይ ያልተጠራጠረ ሰው ስለ ቂጥኝ ባይናገር ይሻላል ነው።

«ጥያቄው ያስተምራል» የሚለው ደግሞ ከሦስቱ ሁሉ የቀለለው ነው፤ አንስቼ ለማየት እንኳን ክንድ አይጠይቅም። ነፍሰ ጡሯን «አልኮል ትጠጫለሽ?» ብለን እንጠይቃለን። ሳል ይዞት የመጣውን «ታስረህ ታውቃለህ?» እንለዋለን፤ የሳንባ ነቀርሳ በእስር ቤት ይበረታልና። ከጅቡቲ መንገድ የሚመጣውን የከባድ መኪና ሾፌር «ስንት ሌሊት ከቤትህ ውጭ ታድራለህ? ከማን ጋር?» ብለን እናፋጥጠዋለን። የአገሪቱ የኤችአይቪ ስትራቴጂ ራሱ የወሲብ ንግድ ላይ የተሰማሩ ሴቶችን፣ ታራሚዎችንና የረጅም ርቀት ሾፌሮችን በስም ለይቶ ጠይቁ ይላል። በ22 ዓመት ውስጥ ጥያቄያችንን ሰምቶ ጉጉት ያደረበትና ወኅኒ የገባ ሰው አላጋጠመኝም። ጥያቄያችንን ሰምታ መጠጥ የጀመረች እናትም አላየሁም። የሰው ልጅ የጤና ባለሙያ በእስክሪብቶ በሚሞላው ቅጽ የሚለወጥ ቢሆን ኖሮ «ሲጋራ ታጨሳለህ?» የሚለው ብቻ ከተማውን በጭስ ይሞላው ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው። «የሚጠይቁት አገሮች በዝቶባቸዋል።» ሰብሳቢው እዚህ ላይ ቁጥር ቢጠቅሱ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስላልጠቀሱ እኔ ልጥቀስላቸው። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 97,000 የሚጠጋ የጨብጥ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ2014 ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው ከ300 በመቶ በላይ ነው፤ ከሕሙማኑም ከግማሽ የሚበልጡት ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ናቸው። በቂጥኝ ድርሻቸው ከአሥሩ ሰባት ይደርሳል። በእንግሊዝ በዚያው ዓመት የተመዘገበው ጨብጥ ከ85,000 አልፎ መዝገብ ከተጀመረበት ከ1918 ወዲህ ከፍተኛው ሆነ። አሜሪካ ውስጥ የሁሉም ደረጃ ቂጥኝ 209,253 ደረሰ፤ ከ1950 ወዲህ እንዲህ ታይቶ አያውቅም። እውነት ነው፤ በዝቷል። እሺ፤ ታዲያ እነዚህን ቁጥሮች እኔም ሆንኩ ሰብሳቢው ከየት አገኘናቸው? እነዚያ አገሮች ስለጠየቁ ነዋ! ጠይቀው፣ መዝግበው፣ አትመው፣ ማንም እንዲያነብበው ስላወጡት። ይህን ይዞ «እነሱ ስለጠየቁ በዛባቸው፣ እኛ ስላልጠየቅን የለብንም» ማለት ልጁን ያተኮሰው ቴርሞሜትሩ ነው ብሎ ቴርሞሜትሩን በመስኮት እንደ መወርወር ነው። ልጁ ግን ያው መተኮሱን አልተወም።

ታሪኩ ደግሞ እዚያ አላበቃም፤ ሰብሳቢው ግን ያቆሙት እዚያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዚያው በ2023 አዲስ የተያዙትና ቁስሉና ሽፍታው ላይ ያሉት የቂጥኝ ሕሙማን ቁጥር በ10 በመቶ ቀነሰ፤ ከ20 ዓመት በላይ ያልታየ ቅናሽ ነው። ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ዘንድ ደግሞ ቅናሹ 13 በመቶ ሆነ፤ ለእነርሱ ለብቻቸው መቆጠር ከተጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እንግሊዝም ውስጥ በ2024 ጨብጥ በ16 በመቶ ወርዶ 71,802 ሆነ። ለመቀነሱ አንድ ምክንያት ብቻ አለ አልልም። ግን ይህን ልብ በሉ፦ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን፣ እኛም መደርደሪያ ላይ የሚገኘውን ርካሽ መድኃኒት፣ ከግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ 200 ሚሊግራም መውሰድ ቂጥኝን፣ ክላሚዲያንና ጨብጥን በጠቅላላው በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ በሳን ፍራንሲስኮና በሲያትል በተደረገ ጥናት ታየ። ጥናቱ የተደረገው ማን ላይ ነው? ሰብሳቢው «የሉም» በሚሏቸው ዓይነት ሰዎች ላይ። ይኸው መድኃኒት በጎረቤታችን ኬንያ፣ ኪሱሙ፣ ወጣት ሴቶች ላይ ሲሞከር ለውጥ አልታየበትም፤ ተመራማሪዎቹ ከሴቶቹ የአንዳንዶቹን ፀጉር ሲመረምሩ በአብዛኛው ናሙና ውስጥ መድኃኒቱ አልተገኘም። ይህንንም ያወቁት ጠይቀው፣ በመልሱም ሳይረኩ ፀጉር መርምረው ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥታ ጨብጥን በከፊል የሚከላከል ክትባት ለተጋላጮቹ መስጠት ጀምራለች። ማንን ልትከትብ እንደሚገባ በምን አወቀች? በሳጥኑ ነው፤ ነርሷ በለመነችው በዚያች ትንሽ ሳጥን።

ሌላም ልጨምር፤ ይህ እንኳን ያስፈራል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካኖች ቂጥኝን ልናጠፋው ነው ብለው ነበር፤ ዕቅዱንም ካወጡ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ተመልሶ ሲያንሠራራ መጀመሪያ የጎላው ከወንድ ጋር ግንኙነት ባላቸው ወንዶች ላይ ነው። ጥቂት የማይባል ሰው የእነሱ ጉዳይ ነው ብሎ ተኛ። በ2012 ቂጥኝ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት 335 ነበሩ። በ2022 ከ3,700 በለጡ። አንዱ ሌላውን እንዳስከተለ በማስረጃ አረጋግጣለሁ አልልም፣ መካከሉ ላይ የአደንዛዥ ዕፅም የድህነትም ጣጣ አለ። ሆኖም በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ዓይነት ደም የለም፤ እኔ ማይክሮስኮፕ ስር አላየሁም።

ሻይ ዕረፍት ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክርክሩን ሊያግዝ መጣ። «አቦ ይሄ የውጭ ነገር ነው፤ በባቡርና በመኪና የሚገባ ነው» አለ። ይህኛው ክርክር እንኳን አዲስ አይደለም፤ 500 ዓመት ሆኖታል። ቂጥኝ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ ፈረንሳዮች የናፖሊ በሽታ አሉት፤ ጣልያኖች የፈረንሳይ በሽታ፣ ሩሲያውያን የፖላንድ በሽታ፣ ቱርኮች የክርስቲያኖች በሽታ አሉት። ሁሉም ጣቱን ወደ ጎረቤቱ ቀሰረ፤ ሁሉም ታመመ። በእኛ ቋንቋ ደግሞ ቂጥኝ፣ ጨብጥ፣ ከርክር፣ ባምቡሌ ብለን ለእያንዳንዱ የቤት ስም አውጥተንለታል። ለእንግዳ እንዲህ ያለ የቤት ስም የሚያወጣ ማን ነው? በባቡር የገባው ሁሉ የውጭ ከሆነስ፣ ወዳጄ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የት ነበረች? ከተማዋ ራሷ በባቡር ነው የመጣችው። የከዚራ ጎዳናና የለገሃሩ ሕንፃ፣ ሻዩን የምንጠጣበት ይህ ሰፈርም ጭምር።

የዝንጀሮ ፈንጣጣውንም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለምን ሲያዳርስ ከሕሙማኑ እጅግ የሚበዙት ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ወንዶች ስለነበሩ እዚህ «የእነሱ በሽታ» ተብሎ በሳቅ ታለፈ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. አገራችን የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ስታረጋግጥ የተገኘው ሞያሌ ላይ ነው፤ ዕድሜው አንድ ወር ያልሞላ ሕፃን! ዝርያው ሌላ ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው የሚለኝ ይኖራል። ይበል። እኔ የምናገረው ስለ ሳቁ ነው።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ፤ ሊያስለየው የሚችለውን ሁሉ አውጥቼ፣ የቀረውንም ለዋውጬ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ልዘጋ ስል፣ አንድ ሰው ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀ። ከኪሱ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የባለቤቱ የእርግዝና ክትትል ውጤት ነው፣ ቂጥኝ ፖዘቲቭ ይላል። እርሷ ቤት ውስጥ እያለቀሰች ነው። እናቱ «ከየት አመጣሽው?» ብለዋታል። ጤና ጣቢያ ውስጥም ቃሉ ለስለስ ይበል እንጂ የተጠየቀችው ያንኑ ነው። እርሱን ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ «አንተም ተወጋ» ብቻ ተባለ። በሁለቱም መቀመጫው ላይ ተከፍሎ የሚሰጠውን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወግቶ ሄደ። እኔ ጋ የመጣው ለምርመራ አልነበረም። «ወንድሜ፣ እሷ ምንም አላጠፋችም» ሊለኝ ነው የመጣው። ለእኔ! ለማያውቀው ሰው! ለእርሷ መንገር አይችልም፣ ለእናቱ መንገር አይችልም፣ ለነርሷም መንገር አልቻለም። ጓደኛ አለው። ጓደኛውም ወንድ ነው። ጓደኛውን ና ታከም ሲለው «የት ሄጄ፣ ምን ብዬ?» አለው።

«ምን ብዬ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም። አብዛኛው ጤና ጣቢያችን የአባላዘር በሽታን የሚያክመው ምልክትን ተከትሎ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አለ፣ ፈሳሽ ካለ በዚህ በኩል፣ ቁስል ካለ በዚያ በኩል፣ የብሽሽት እብጠት ካለ በወዲያ በኩል ይወስዳል። ለድሃ አገር ብልህ ዘዴ ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የቂጥኝ የመጀመሪያው ቁስል አያምም፤ ፊንጢጣ ውስጥ ወይም አፍ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱም አያየውም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ጊዜ ይድናል፣ በሽታው ግን ወደ ደም ገብቷል። ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም። ሽንት መርምረህ አታገኘውም። መድኃኒት የሚቋቋመው የጨብጥ ዝርያም አንዱ መራቢያው ይኸው ጉሮሮ ነው፤ እዚያ ከሚኖሩ ጉዳት የለሽ ዘመዶቹ የመቋቋሚያ ዘር ይበደራል። ሲፕሮ ጨብጥ ላይ መሥራት ያቆመው ቀድሞ ነው፤ አሁን የቀረን ዋና መድኃኒት ሴፍትሪአክሶን ነው። ከሰንጠረዡ ላይ ስለ ጉሮሮ ወይም ስለ ፊንጢጣ የሚጠይቅ መስመር አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ሰውየው ምልክት የለውም፣ ቢኖረውም ሰንጠረዡ ቦታ የለውም፣ ሰንጠረዡ ቢኖረው አፉ አይከፈትም። ፋርማሲ ሄዶ ካፕሱል በፍሬ ይገዛል። ሦስት ቀን ውጦ ይተወዋል።

«ሕግ አለ» የሚለኝ አለ። አውቃለሁ፤ በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን የሚቀጣው፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ነው። ክርክሬ ከእርሱ ጋር አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ቀንና ሌላ ጸሐፊ ይፈለግለት። ሌባ ከግንብ ላይ ወድቆ እግሩን ቢሰበር ድልጮራ ሆስፒታል አጥንቱን የሚጠግነው ስርቆትን ስለፈቀደ ነው? የሙያ ምስጢር ያወጣውን ባለሙያ የሚቀጣውስ ያው የወንጀል ሕግ አይደለምን? መዝገቡ እጅ ቢቀያይር ሰው ይጎዳል የሚለውን ፍርሃት ግን እቀበላለሁ፤ ተገቢ ፍርሃት ነው። ነርሷም ኮድ ያለችው ለዚሁ ነበር። የሰማት ቢኖር።

ከተማችን ደግሞ ይህን ሁሉ ቸል ለማለት አቅም ያላት ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የድሬዳዋ ነዋሪዎች 2.5 በመቶው ኤችአይቪ በደማቸው ተገኝቶባቸዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 0.9 በመቶ ነበር። ሐረርም ከእኛ ብዙ አትርቅም፤ 2.4 ነበረች። ይህን ቁጥር ስናይ «ድሬ የመንገድ ከተማ ናት» ብለን እናልፈዋለን፤ ሾፌሩንና ሴተኛ አዳሪዋን ቆጥረን የጎደለውን በዝምታ እንሞላዋለን። ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆምና በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ 5,000 የጤና ኮንትራት ሠራተኞች ሲሰናበቱ ደግሞ ያለችንን ጥቂት ገንዘብ የት ላይ እንደምናውላት ማወቅ ነበረብን። መመርመሪያ ኪት ሲያንስ ቀድሞ የሚመረመረው ማን ነው? በግምት ነው የምንመርጠው?

መንግሥት ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በአንድነት እናስወግዳለን ይላል። መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.1 ሚሊዮን ነፍሰ ጡሮች ቂጥኝ ነበረባቸው፤ ከ390,000 በላይ የሚሆኑ እርግዝናዎች በዚህ ምክንያት ተጎድተዋል፣ የሞተ የተወለደ አለ፣ ተወልዶ የሞተ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ መርፌ ማስቀረት ይቻላል፣ መርፌው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ከተሰጠ። ግን እናቲቱ ድና ስታበቃ እንደገና ከያዛትስ? ከማን ነው የያዛት? ባሏን ያከመ ሰው የባሏን ጓደኛ ካላከመ ማንን አከመ?

የዚያ ማታ የመጣው ሰው ባለቤት ደም ሦስት ጊዜ እኔ እጅ ገብቷል። መጀመሪያ ሲመጣ 1 ለ 32 ነበር፤ ናሙናው 32 እጥፍ ተበርዞም ከሰሉ ይቋጠራል ማለት ነው። ከሕክምናው ስድስት ወር በኋላ 1 ለ 8 ወረደ፤ አራት እጥፍ ሲወርድ መድኃኒቱ ሠርቷል እንላለን። ሕፃኑም በሰላም ተወለደ። ከዚያ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ማለዳ ነው፣ ማራገቢያው ገና አልተከፈተም፣ 8 ደቂቃው አለቀና ካርዱን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። 1 ለ 8 ላይ ተቋጥሯል። 1 ለ 16 ላይም። 1 ለ 32 ላይም። 1 ለ 64 ላይም ጥቁሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አዲስ ነው፤ እንደገና ተይዛለች።

ውጤቱን ይዛ ወደ ነርሷ ገባች። ቅጹ ላይ «የትዳር አጋር ታክሟል?» የሚል ጥያቄ አለ፤ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉት። ነርሷ የባልየውን የመርፌ ካርድ አገላብጣ አየችና «አዎ» ላይ ምልክት አደረገች። ሐሰት አልጻፈችም።